የመጠባበቂያው ሳጥን

ለይኩን ኩመራን የጠላው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ኩመራ ደግሞ ለይኩንን ይበልጥ ይጠላዋል፤ ይህን የግቢው ዘበኛ እንኳ ያውቀዋል። ሁለቱም ጅማ ከተማ ውስጥ የዱር ቡና ዝርያ ከየጫካው እየለቀመ በሚያሰባስብ አንድ ፕሮጀክት ነው የሚሠሩት፤ በአንድ በር ገብተው በአንድ በር ሲወጡ ሰላም አይባባሉም። ለይኩን የራሱን ጥላቻ ለሚስቱ ለየኔነሽ አሳምሮ ማስረዳት ይችላል። ሰውየው ታጋይ ነበር፣ እሱ ደግሞ የተበተነው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ። ተሸንፎ ሲያበቃ አሸናፊውን በየማለዳው ቀና ብሎ ማየት ማንንም አያስደስትም። የኩመራ ጥላቻ ግን አልገባው አለ። ያሸነፈ ሰው ይንቃል፣ ይኮፈሳል፤ እንዲህ ጥርሱን ነክሶ የሚጠላበት ምክንያት የለውም ብሎ ያስባል።

ነገሩ ጥላቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለይኩን ችሎ ይኖር ነበር። እንጀራው በዚያ ሰው እጅ መውደቁ ነው የቸገረው። ከተሃድሶ ካምፕ ወጥቶ ጅማ ሲመለስ የቀድሞ ወታደር የሚቀጥር ጠፍቶ ብዙ ተንከራቷል። መናኸሪያ ሸክም ተሸክሟል፣ ቡና ማበጠሪያ በር ላይ ጆንያ ሰፍቷል፣ የኔነሽ ቡና ስትለቅም ውላ ባመጣችው ጎመን አንገቱን ደፍቶ በልቷል። በመጨረሻ የፕሮጀክቱ መሪ ዶክተር ሰናይት የዕቃ ግምጃ ቤቱን እንዲጠብቅና ለጫካ ጉዞ የሚያስፈልገውን እንዲያሰናዳ በጊዜያዊነት ቀጠረችው። ዘንድሮ ደግሞ ቦታው ቋሚ ሆነ። ዶክተሯ ለይኩን ይሁን አለች፤ ለመቅጠር ግን የአስተዳደር ኃላፊው የኩመራ ፊርማ ያስፈልጋል። ኩመራም ጫካ አብሬው ወርጄ፣ ሥራውን በዓይኔ አይቼ ነው የምፈርመው አለ። ስለዚህ ይህ የሊሙ ጉዞ ለሌላው የቡና ፍሬ ለቀማ ነው፤ ለለይኩን ግን ፈተና ነው። የኔነሽ ስትሸኘው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፍህን ዝጋ።

ለይኩን ዕቃ ሲያሰናዳ ማየት ያስደስታል፤ አብሮት መሥራት ግን ያማርራል። የጉዞው ዋዜማ ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፎ ሁሉንም ነገር በረድፍ ደረደረው። ድንኳን ከነካስማው፣ ካስማውን የሚመታ መዶሻ፣ ለመዶሻው ትርፍ እጀታ። ወፍራም ገመድ፣ ቀጭን ገመድ። ፋኖስ ከነጋዙ። ጀሪካን፣ አካፋ፣ ገጀራ፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ የተከተቱ ድስቶች። ታጣፊ አልጋዎች፣ ለዶክተሯ ወንበርና ጠረጴዛ። በጆንያ ደግሞ አመድ፤ ጉንዳን ወደ ድንኳኑ እንዳይገባ ዙሪያውን የሚበተን። ከከተማ አመድ ጭኖ ጫካ የሚወርድ ሰው ከለይኩን ሌላ ተፈልጎ አይገኝም፤ እሱ ግን እንጨቱ ነዶ አመድ እስኪሆን ጉንዳን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም ባይ ነው።

ኩመራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰበት። የመጫኛ በቅሎዎቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን፣ ሲመለሱም ፍሬውን የሚሸከሙት እነሱው እንደሆኑ አሳሰበ። ከዚያ በጫማው ጫፍ የታጣፊውን አልጋ እግር ነካ አደረገና፣

"ይኼን ሁሉ ጭነህ ማንን ልትወጋ ነው?" አለው።

እዚያ የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። ለይኩን የሚስቱን ቃል አስታውሶ ምራቁን ዋጠ። በዕድሜ ታናሹ የሆነ ሰው አንተ እያለ ሲጠራው ጆሮው ይግላል፣ እሱ ግን አቶ ኩመራ፣ እርስዎ ማለቱን አልተወም። አልጋዎቹ ወጡ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ ወንበሩም ወጣ። አመዱን ኩመራ ራሱ ጎትቶ አጥሩ ሥር ደፋው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጥግ ላይ ለብቻው የተቀመጠ፣ ባለ ቁልፍ የእንጨት ሳጥን።

ሳጥኑ የለይኩን ነፍስ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ቁልፉን አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ነው ያሠረው። ውስጡ አዲስ የዝናብ ቦቲዎች፣ አዲስ የዝናብ ልብሶች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ብርድ ልብስና የቁስል መድኃኒት ከነፋሻው አለ። ሁሉም ያልተነካ፣ ሁሉም ከነሽታው ነው። ይህ ዕቃ አይታደልም፣ አይለበስም፣ አይሞከርም፤ መጠባበቂያ ነው። ለይኩን በሠራዊቱ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ያገለገለባቸው ዓመታት ሁሉ ያስተማሩት ይህንን ነው፤ ያለህን ሁሉ ዛሬ ያወጣህ እንደሆነ የባሰው ቀን ባዶ እጅህን ያገኝሃል። ባይሆንማ ኖሮ ካምፕ ከሽርሽር በምን ይለያል?

ኩመራ በውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀው። ለይኩንም መጠባበቂያ መሆኑን ነገረው። ኩመራ ሳጥኑን አላየውም፤ ያየው የለይኩንን ፊት ነው፣ ያውም ብዙ ቆይቶ። ለይኩን ይኼም ይውጣ ሊለኝ ነው ብሎ መልሱን ሲያዘጋጅ፣ ኩመራ ጫነው ብሎት ሄደ። ያን ማታ ለይኩን ለየኔነሽ፣ ሰውየው ትንሽ ትንሽ ማስተዋል ጀምሯል አላት።

ሾፌሩ አብዱልሰመድ ዶክተሯን፣ ሁለቱንና ጥቂት ሠራተኞችን በላንድክሩዘሩ ሊሙ ገነት ድረስ፣ ከዚያም መንገዱ እስኪያልቅ አደረሳቸውና ተመለሰ። በቅሎዎቹን ይዞ የጠበቃቸው ፈየራ የሚባል የሊሙ ኮሳ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሳቂታ፣ ፕሮጀክቱ በመጣ ቁጥር ዛፍ እየወጣ ፍሬ የሚያወርድላቸው እሱ ነው። ሚስትና ልጆቹን የሚያበላው በዚሁ መውጣትና መውረድ ነው። እግሩ ላይ ያለው ሸራ ጫማ ግን አፉን ከፍቷል፤ ሶሉ እንዳይወድቅ በቃጫ አስሮታል። ለይኩን ገና ሲያየው ጫማውን አስተዋለ። የዕቃ ሰው ነውና መጀመሪያ የሚያየው የሰው ፊት አይደለም።

ጫካው ውስጥ ጥሉ በየሰበቡ ቀጠለ። ለይኩን ከፍ ያለ ቦታ መርጦ ድንኳኑን ተከለ፣ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፈረ። ኩመራ አልፎ ሲሄድ ምሽጉ አልቋል ወይ አለው። እሱ ራሱ ድንኳን አልገባም፤ ሁለት ዛፍ መካከል ሸራ ወጥሮ ከሥሩ ተኛ። መስከረም ላይ መቆም የነበረበት ዝናብ በዚያ ዓመት ጥቅምትንም ይዞ ከረመ፤ የኩመራ መኝታ ረጠበ፣ የለይኩን ቦይ ውኃውን ጥርግ አድርጎ ወደ ቁልቁለቱ ወሰደው። ለይኩን ደስ አለው፤ ደስታውንም ለመደበቅ አልሞከረም።

ኩመራ በበኩሉ ለይኩንን የሚያሳምም ነገር አላጣም። ቡና ሊጠብቁ ጫካ የወረዱ ገበሬዎች ሰላም ሊሏቸው ሲመጡ ስኳሩን በለጋስ እጅ ሰጣቸው። ጋዙን አበደራቸው። ያለ ነገር ዛሬ ለሚያስፈልገው ይሰጣል፣ የነገውን ነገ እናያለን ይላል፤ ታጋዮቹ በረሃ የኖሩት እንዲህ ነው። ሳምንቱ ሳይጋመስ ስኳር አለቀ፣ ከሳጥኑ ውጭ የነበረውም ክብሪት ዝናብ ገብቶበት እንቢ አለ። ዶክተሯ እሳት ይነድ ይሆን ወይ ብላ ስትጠይቅ ለይኩን ዝግ ብሎ ተነሣ፣ ከአንገቱ ቁልፉን አወጣ፣ ሳጥኑን ከፍቶ አንዲት ፓኬት ክብሪት ለኩመራ በሁለት እጁ አቀረበለት። እንደዚያ በትሕትና የተሰጠ ስድብ አይቶ የሚያውቅ የለም። ኩመራ ተቀብሎ እሳቱን ለኮሰ፣ አላመሰገነም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፈየራ ወደ ድንኳኑ መጣ። ቃጫው ተበጥሶ የግራ ጫማው ሶል ከፊቱ ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ ሲከፈት ቦቲዎቹን አይቷል።

"ጋሼ ለይኩን፣ ማሎ፣ እባክዎ አንዱን ቦቲ ቢሰጡኝ" አለ። "ስንጨርስ አጥቤ እመልሳለሁ።"

ለይኩን ጨካኝ ሰው አይደለም። አሰበበት፣ በሐቅ አሰበበት። ቦቲዎቹ ለሁሉም ሰው አይበቁም። የጉዞው መጨረሻ ላይ ከአንድ ወንዝ ማዶ ረግረግ አለ፤ ያንን ያለ ቦቲ መሻገር አይቻልም። ዛሬ ለፈየራ ቢሰጥ ነገ ሌላው ይጠይቃል፤ ረግረጉ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ተቀዶ፣ ሁሉም ጭቃ ሆኖ ይገኛል። አዘጋጅቶ የመጣው ለዚያ ቀን ነው። ስለዚህ በትከሻው መታ መታ አድርጎት፣

"መጠባበቂያ ነው፣ ወንድሜ። ከባዱ ቦታ ስንደርስ ይታደላል። እስከዚያ በያዝከው ቻለው" አለው።

ኩመራ ጥቂት እርምጃ ወዲያ፣ ግንድ ላይ ተቀምጦ የእንጨት ማንኪያ ይቀርጽ ነበር። ቢላዋው ቆመ። ለይኩን አሁን ስጠው ብሎ ሊያዘኝ ነው ብሎ ጠበቀ፤ የረግረጉን ነገር ለመንገር አፉን አሰናዳ። ኩመራ ግን ቃል አልተነፈሰም። ፈየራ እሺ ጋሼ ብሎ ሄደ፣ ከድንኳኑ ጀርባም ከዛፍ ልጥ ልጦ ጫማውን እንደገና ጠፈረው። ለይኩን ዝምታውን እንደ ጥሩ የፈተና ማርክ ቆጠረው። ቋሚ የሚባለው ነገር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የእሱ መሰለው።

በነጋታው ፍሬ ፍለጋ የገቡበት ጫካ ባለቤቱ ለለቀማ ያሰናዳው ነበር። በዚያ አገር ቡናው ሊለቀም ሲል ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጠራል። ገጀራው አግድም ስለሚያልፍ መሬት ላይ የሚቀረው ጉቶ ሹል ነው፤ ቅጠል ይሸፍነዋል፣ ዓይን አያየውም። ፈየራ የለቀመውን ከረጢት ተሸክሞ ከወደቀ ግንድ ላይ ዘለለ። የግራ እግሩ ያረፈው ጉቶ ላይ ነው። ልጡ ተበጥሶ፣ ሶሉ ወደ ጎን ሸሽቶ፣ እንጨቱ በውስጥ እግሩ ገብቶ በላይ በኩል ቆዳውን ወጥሮ ቆመ። ጩኸቱን ከድንኳኑ አጠገብ የነበሩት ሁሉ ሰሙት።

ተሸክመው ወደ ካምፑ ሲያመጡት ለይኩን ቁልፉን ይዞ እየሮጠ ነበር። ምንም አልጎደለም። አዮዲን አለ፣ ጥጥ አለ፣ ፋሻ አለ፣ የሕመም ማስታገሻ አለ። ችግሩ መድኃኒቱን የከተተው ከሳጥኑ ሥር መሆኑ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ቦቲዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ነበረበት። አወጣቸው። ሣሩ ላይ ተደረደሩ፤ ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ አዲስ ጎማ የሚሸቱ። ፈየራ ራሱን በሰው ጭን ላይ አስደግፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ያያቸዋል። ዶክተሯም አየቻቸው፣ የቀሩትም ሁሉ አዩ። ለይኩን ፋሻውን ለዶክተሯ አቀበለ። አፈረ። ግን ደግሞ አልተሳሳትኩም የሚል ነገር ውስጡ አልሞተም፤ ጉቶው የት እንዳለ ማን ያውቅ ነበር?

ዶክተሯ ቁስሉን ስታስር ሌሎቹ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ሊቆርጡ ሄዱ። ኩመራ ከቦቲዎቹ አንዱን አነሣ። አገላብጦ አየው፣ እጁን ውስጥ ከተተ። ከዚያ ለይኩንን በዓይኑ ጠርቶ ከበቅሎዎቹ ጀርባ ወሰደው።

"እኔና አንተ ከዚህ በፊት ተገናኝተናል" አለው።

ለይኩን አላስታውስም አለ። ኩመራም ልታስታውሰኝ አትችልም፣ በመስኮት ነው ያየኸኝ አለው። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ ነገረው። ታጋይ ከመሆኑ በፊት ወታደር ነበር። አጋሮ ገበያ ውስጥ ታፍሶ፣ ሥልጠና ገብቶ፣ ወደ ሰሜን ተላከ። እዚያ ጦር ሰፈር ውስጥ የከስክስ ጫማው ሶል ወለቀ። ወደ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ሄዶ ተሰለፈ። መስኮቱ ውስጥ አንድ ሃምሳ አለቃ ተቀምጧል፤ ከጀርባው አዳዲስ ከስክስ ከነወረቀቱ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ሃምሳ አለቃው መጠባበቂያ ነው፣ እስከዚያ በያዝከው ቻለው አለውና መስኮቱን ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱ ማፈግፈግ ጀመረ። ኩመራ እግሩን በጆንያ ጠቅልሎ ተከተላቸው። የሰሜን ድንጋይ ጆንያ አያከብርም። ሲያቅተው ጓደኞቹ ቁልቋል ጥላ ሥር አስቀምጠውት አለፉ። ታጋዮቹ ያገኙት እዚያው ነው።

"እነሱ አልማረኩኝም" አለ ኩመራ። "ያስረከብከኝ አንተ ነህ።"

ለይኩን ፊቱን ለማስታወስ ሞከረ። አልመጣለትም። በዚያ መስኮት ያለፈ ፊት ብዙ ነው፤ ቃሉም ለሁሉም አንድ ነበር።

"ያ ሁሉ ጫማ የት ደረሰ?" አለው ኩመራ። "ስንት ዓመት ሙሉ ልጠይቅህ ስፈልግ የነበረው ይኼንን ነው።"

መዋሸት ይችል ነበር። ታደለ ቢል ማን ያጣራል? ግን ከበቅሎዎቹ ወዲያ የፈየራ ማቃሰት ይሰማል፣ ውሸቱ አልወጣ አለው።

"ተቃጠለ" አለ ለይኩን። "ከተማውን ለቀን ስንወጣ፣ በጠላት እጅ እንዳይገባ ናፍጣ አርከፍክፌ አቃጠልኩት።"

"አንተ ራስህ?"

"እኔ ራሴ።"

ኩመራ አንገቱን ነቀነቀ። ቦቲውን መሬት ላይ ወረወረው። እንግዲህ ሥራህን በዓይኔ አይቻለሁ አለ፣ ሊሄድም ዞረ። ለይኩን ያኔ ነው የሚስቱን ምክር የረሳው። ዓመታት ሙሉ የዋጠው ምራቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አፉ መጣ።

"ትናንት እርስዎም ሰምተዋል" አለው። "አለቃዬ ነዎት። ስጠው ቢሉኝ እሰጠው ነበር፣ አንድ ቃል ነበረች። ለእኔ ወጥመድ ብለው ዝም አሉ። የፈየራን እግር እኔ ብቻ አይደለሁም የወጋሁት።"

የኩመራ ፊት ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ ለይኩን አየ። ሊመታኝ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስታው ነበር። ግን ዶክተሯ ተጣራች፣ ቃሬዛው ደርሷል።

ቃሬዛውን የሠሩት ከለይኩን ድንኳን ሸራ ነው። ያ የታሰበበት ድንኳን ሲቀደድ ለይኩን ራሱ ቢላዋውን ያዘ። ሲሸከሙ ሌሎቹ እየተፈራረቁ ያርፉ ነበር፤ ከፊት ለይኩን፣ ከኋላ ኩመራ ግን አልለቅም አሉ። አንዱ ሌላውን ቀድሞ ደከመኝ እንዳይል ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቁልቁለት ነው፤ እንዲህ ተጠላልተው ፈየራን ግን አንዴም አልጣሉትም። መኪና የሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲደርሱ የሁለቱም ትከሻ ደምቶ ነበር።

ሊሙ ገነት ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ እግሩ አይቆረጥም አላቸው። በጊዜ ስለታጠበና ስለታሰረ ነው የተረፈው አለ። ግን ያነክሳል፤ ዛፍ መውጣት የሚባል ነገር አበቃ። ፈየራ ይህን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚስቱና ልጆቹ ምን ይበላሉ የሚለውን ማንም አላነሣም፣ ሁሉም ግን ያሰበው እሱን ነው። ቆይቶ ዞር አለና ለይኩንን ፈለገው። እጁን ይዞ፣ ጋሼ፣ መድኃኒቱን ባይዙልኝ ኖሮ እግሬ ሄዶ ነበር ብሎ መረቀው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ምሬት የለበትም፣ ከልቡ ነው። ለይኩን ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ኩመራ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ።

ጅማ ሲመለሱ ዶክተሯ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቀቻቸው። ኩመራ ጉቶ ወጋው አለ። ለይኩንም ጉቶ ወጋው አለ። ሳይመካከሩ ነው አንድ ቃል የሆኑት፤ ከዚያ በላይ የተናገረ ራሱንም አብሮ መክሰሱ አይቀርም። እሷም ያንኑ መዝግባ ተወችው።

ከቀናት በኋላ ኩመራ ለይኩንን ቢሮው አስጠራው። ቁጭ በል አላለውም። ቋሚ አድርጌሃለሁ፣ ፈርሜያለሁ አለው። ለይኩን የጠበቀው መባረርን ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ለየኔነሽ ምን እንደሚላት ሲያስብ ነው ያደረው። ስለዚህ መደሰት ረስቶ ለምን ብሎ ጠየቀ።

"ይቅርታ እንዳይመስልህ" አለው ኩመራ። "ሳይህ ያቅለሸልሸኛል። ግን ባባርርህ አንድ ቀን ይጠይቁኛል፣ አንተም የጫካውን ዝምታዬን ትናገራለህ፣ ልክም ትሆናለህ። ስለዚህ እዚያው መስኮትህ ላይ ቁጭ በል። በየቀኑ አይሃለሁ። አንተም ታየኛለህ።"

ለይኩን እሺ ብሎ ወጣ። የኔነሽ ስትሰማ እልል አለች፣ ጎረቤት ጠራች፣ ዶሮ ይታረድ አለች። ለይኩን በልቶ ጠጣ፤ አንዱም አልጣመውም።

ቋሚ በሆነ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አላባራም ነበር። ለይኩን ግምጃ ቤቱን ከፍቶ፣ ከጫካ የተመለሰውን ዕቃ ጠራርጎ፣ አዲስ የመጡትን የዝናብ ልብሶች መደርደሪያ ላይ አሰልፎ እንደተቀመጠ አብዱልሰመድ መስኮቱ ላይ ቆመ። ወደ ሊሙ ሊሄድ ነው፤ ለፈየራ ዶክተሯ ያዋጣችለትን እህል ያደርስለታል፣ እግረ መንገዱንም ከጫካው የቀረውን ፍሬ ይጭናል። የዝናብ ልብስ የለኝም፣ ኢንሻአላህ ማታ እመልሳለሁ አለ። ለይኩን አፉን ከፈተ። ቃሉ ተሰናድቶ፣ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግቢው ውስጥ ኩመራ ከቢሮው ወጥቶ፣ በዝናቡ መሀል ቆሞ ወደ መስኮቱ ያያል። ለይኩን አፉን ዘጋ፣ ከመደርደሪያው አንዱን አንሥቶ ሰጠ። አብዱልሰመድ አመስግኖ ሄደ፣ ኩመራም ገባ።

መደርደሪያው ላይ የአንድ ልብስ ስፍራ ባዶ ሆነ። ለይኩን ያንን ባዶ ቦታ እያየ ያ የድሮ ፍርሃቱ መጣበት፤ ነገ የባሰበት ሰው ቢመጣስ? ዕድሜውን ሙሉ ያስፈራው ይኸው ነው። ጫማውንም፣ ብርድ ልብሱንም፣ ክብሪቱንም ቆልፎ ያቆየው ለዚያ ሰው ነው። እስቲ ማን ነው ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጠየቀ። መልኩን ፈለገ፣ ስሙን ፈለገ። ከሰሜኑ ጦር ሰፈር ጀምሮ እስከ ሊሙ ጫካ ድረስ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሰውየው አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። የመጡት ኩመራና ፈየራ ነበሩ።